የወፍጮው ሙቅ ውሃና የአባቴ ጽዶች

እጁ ከማያርፍ ሰው ጋር መኖር ያደክማል። ባሌ እንዲያ ያለ ሰው ነበር። ሌላው በደባርቅ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ሲጠብቅ፣ እሱ የሆነ ነገር ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ በክንዱ ሲለካ ይውላል። ከአብዮቱ በፊት ቆዳና ሌጦ እየሰበሰበ ጎንደር ወርዶ ይሸጥ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ነጋዴ መሆን ነውር ሆነ። በየስብሰባው «ንዑስ ከበርቴ» እየተባለ ሲነሣ ሲወድቅ፣ የሙያ ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። የእኔው ግን ወር ሳይሞላው ሌላ ነገር ጀመረ።

አሁን በሬዲዮ «ሥራ ፈጣሪ»፣ «አካባቢን የማይጎዳ ፋብሪካ» ሲሉ እሰማለሁ። እሰማና እግሬን አሻለሁ። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ስም አልነበረውም። የማኅበራችን ሊቀመንበር «አጉል ብልጠት» ይለው ነበር። እኔ ደግሞ «የባሌ በሽታ» እለው ነበር። ሁለታችንም ብዙ አልተሳሳትንም።

ማኅበሩ ባና፣ ያን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ነበር የሚሠራው። ባና የሌለው ሰው የእኛን አገር ሌሊት አይችለውም። ሴቶቹ የበግ ጠጉር እንፈትላለን፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ከሸማኔው የወረደ ባና ግን ገና ባና አይደለም፤ ወንፊት ነው፣ ንፋስ ያስገባል። ሙቅ ውሃ በሞላበት ትልቅ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ተጨምሮ፣ ጠጉሩ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ድረስ በእግር ይረገጣል። መርገጡ የሴቶች ሥራ ነበር። ቀሚሳችንን ወደ ላይ ሸብ አድርገን፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ስንረግጥ እንውላለን። ማኅበሩን እንዲህ አድርጎ ያቋቋመው ባሌ ነው። ሊቀመንበሩ ከበላይ ተሹሞ የመጣው ሥራው ከቆመ በኋላ ነው። ባሌ ግን አልከፋውም። «ስሙን ይውሰደው፤ እኔ ገንዳውን ልያዝ» አለኝ። እኔ ነኝ የከፋኝ።

ያን ሁሉ ውሃ የሚያፈላው እንጨት ነበር። መጀመሪያ ላይ ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ በታች የበቀለውን የአስታ ዛፍ በአህያ እያስመጣን አነደድን። ተራራው ሲራቆት የፓርክ ጠባቂዎቹ አህያዎቹን መመለስ ጀመሩ። እውነታቸውን ነው። ከዳባት በኩል ባሕር ዛፍ እናስመጣ ብንል እዚያም የደን ሰዎች ቆሙብን። በዚያው ሰሞን ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ግንባር ላይ ላለው ሠራዊት ባና ይቅረብ ተባለ። ትእዛዝ የዘገየበት ሰው «አሻጥረኛ» ይባል ነበር፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ሊቀመንበሩ ፈራ። የፈራ ሹም ደግሞ ዓይኑ አያርፍም፤ የሱ ዓይን ያረፈው የአባቴ ጽዶች ላይ ነው።

አባቴ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ቄስ ነበሩ። በወጣትነታቸው ደረስጌ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ የጽድ ችግኝ በአቁማዳ ተሸክመው መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተክለው ነበር። እነዚያ ጽዶች ጫፋቸው አንገት አቅንተው የሚያዩት ሆኖ ነበር። ከእኔ በፊት የተወለዱት እኅቶቼና ወንድሞቼ አልጸኑም፤ ሁሉም የተቀበሩት ከጽዶቹ ሥር ነው። አባቴ ከቅዳሴ ሲወጡ ግንዶቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው እየነኩ ያልፋሉ። ልጅ ሳለሁ ዛፍ እየባረኩ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ እኛ ዘንድ በዋሉበት ቀን ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ «አባ፣ መሬቱ እንደሁ የሕዝብ ሆኗል። ጽዱም የሕዝብ ነው» አላቸው።

«እኔ እስክሞት ታገሡኝ» አሉት አባቴ።

«እስከዚያ ሠራዊቱ ይበርደዋላ» ብሎ ሳቀ።

አባቴ ጉልበታቸውን ማሸት ያዙ። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል፤ ያለ መቋሚያ አይራመዱም። ማታ እራት አልበሉም። እኔ ባሌን አየሁት፤ እሱም መሬት መሬት ያያል። «ጠጉሩን ሰብስብ ያለህ ማን ነው? ገንዳውን ጥረብ ያለህ ማን ነው? ባና ባይኖር ማን እንጨት ይፈልግ ነበር?» አልሁት። እውነት ነው የነገርሁት።

ወገቤን አሞኝ ስለ ነበር በማግሥቱ እህሉን ወፍጮ ቤት ይዞ የሄደው እሱ ነው። የቀበሌው ወፍጮ በናፍጣ የሚሠራ ነው፤ ሞተሩ እንዳይግል ከጎኑ በቆመ በርሜል ውሃ ይቀዘቅዛል። ውሃው ሲፈላ የወፍጮው ሠራተኛ ወደ ቦዩ ይለቀውና ሌላ ቀዝቃዛ ይሞላል። ይህን ደባርቅ ውስጥ ያላየ ሰው የለም። ወፍጮ ተራ ስንጠብቅ ሁላችንም እጃችንን የምናሞቀው እዚያ ነው። ባሌ ዱቄቱን እዚያው ረስቶ መጣ።

«አንች፣ ሙቅ ውሃ ሜዳ ላይ እየተደፋ ነው» አለኝ።

«ይደፋ። ምን ይጠበስ? ዱቄቴስ?»

«ገንዳውን ወፍጮ ቤቱ ሥር ብንወስደውስ?»

እኔ ዱቄቴን ነበር የጠየቅሁት። እሱ ግን ከዚያ በኋላ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ከየቤቱ አሮጌ ቆርቆሮ ለመነ፤ እየጠቀለለ አሸንዳ አበጀ። ሊቀመንበሩ «የወፍጮውን ሞተር ልታበላሹ ነው» ብሎ ሲከለክለው፣ የወፍጮውን ሠራተኛ በግሉ አግባብቶ ሥራውን ቀጠለ። የመጀመሪያው ውሃ ዝገት ነበረው፤ ባናው ሁሉ ቡና የፈሰሰበት ይመስል ቀላ። ያን ቀን የሳቁብንን ሳቅ አልረሳውም። አሸዋና ከሰል ባለበት ማሰሮ ውስጥ ውሃውን ማሳለፍ ያዘና ጠራለት። ከዚያ ወዲያ አንድ ፍልጥ እንኳ ሳናነድ ባና ወጣ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ሙቅ ውሃ የሚመጣው ወፍጮው ሲሠራ ነው፤ ወፍጮው የሚሠራው ደግሞ ሰው ሲያስፈጭ ነው። በበዓል የሚያስፈጭ የለም፣ በሰንበት የለም፤ ለፋሲካ ሰሞን ግን ሰልፉ መንገድ ይዘጋል። ሊቀመንበሩ ግድግዳ ላይ የለጠፈው የሥራ ሰዓት ምንም አልረባንም። ባሌ ወደ አባቴ ሄዶ በዓላቱን ያስቆጥራል፤ የትኛው ሳምንት ሥራ እንደሚበዛ፣ የትኛው እንደሚሳሳ አባቴ በባሕረ ሐሳብ አስልተው ይነግሩታል። የማኅበሩን የምርት እቅድ የሚያወጡት ቄስ ናቸው ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ይህን ቢያውቅ ምን ይል እንደ ነበር እያሰብሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበርን። ጽዶቹም ተረሱ።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ከገንዳው የሚተርፈው ሙቅ ውሃ በቦዩ ወርዶ መንገድ ዳር ይጠራቀም ነበር። ጠዋት በብርዱ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ከበየዳ በበቅሎ የመጡ አንድ አሮጊት ጣቶቻቸው እንደ ጭብጥ ታጥፈው የቀሩ ነበሩ። ወርደው እጃቸውን ከውሃው አገቡ። የበግ ጠጉር ቅባት አለበት፣ ሙቅ ነው፤ ጣታቸው ትንሽ ፈታ ቢልላቸው ምን ይገርማል? እሳቸው ግን ተንበርክከው አለቀሱ። በሳምንቱ ደባርቅ ፍል ውሃ ፈለቀ የሚል ወሬ ዳባት ደረሰ። ፍል ውሃ ካለ ጠበል ነው፤ በእኛ አገር ይህን የሚጠይቅ የለም። ሰዉ ጀሪካንና ጠርሙስ ይዞ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ በማለዳ ይሰለፍ ጀመር። እኛ የረገጥንበትን እጣቢ ነበር የሚጠጡት። «የባና እጣቢ ነው» ስንላቸው «እናንተማ ለምዳችሁት ነው» ይሉናል።

ሊቀመንበሩ መጥቶ ሰልፉን አየ። ፊቱ ጠቆረ። ባሌንና እኔን አባቴ ዘንድ ይዞን ሄደ። «በመንግሥት ወፍጮ ላይ ጠበል አይፈልቅም» አለ። «የበላይ አካል ይህን ቢሰማ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አባ፣ ሕዝቡን ይመልሱ። ካልመለሱ አሸንዳውን እነቅላለሁ። ባናው ደግሞ አይቀርም፤ ያኔ እንጨቱ ከጽዱ ነው።»

አባቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና ለሕዝቡ ተናገሩ። የናፍጣ ሞተር ያሞቀው ውሃ እንደሆነ፣ የጠጉር እጣቢ እንዳለበት፣ ጠበል ቢሆን አስቀድሞ የእሳቸውን ጉልበት ያድን እንደ ነበር ነገሩ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ በጸጥታ ሰማ። ያመነ መሰለኝ። በማግሥቱ ሰልፉ እጥፍ ሆነ። ለካስ ሰዉ በየቤቱ፣ «አስገድደዋቸው ነው። ዓይናቸውን አላያችሁም? መንግሥት ጠበሉን ሊደብቅ ነው» ሲል አድሯል። በዚያ ዘመን አንድ ሰው በአደባባይ የተናገረውን እንዳለ የሚያምን ማን ነበረ? እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ባሌ ቦዩን በጠጠር እንሸፍነው አለ፣ ወደ ገደሉ እናዙረው አለ፣ ሌላም ብዙ አለ። አባቴ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ፣ «ሰው ውሃ ፍለጋ ገደል ይገባል፤ ተወው» አሉ።

የጾም ቀን ባልሆነ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰልፉ ሞልቶ ሳለ አባቴ መጡ። መቋሚያቸውን ይዘዋል። ጥምጥማቸውን ጠምጥመዋል። በግራ እጃቸው ቆሎ ጨብጠዋል፤ ሕዝቡ እያያቸው ይቆረጥማሉ። አባቴ መንገድ ላይ ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ቄስ በሕዝብ ፊት እንዲያ አይበላም። ሰዉ መስቀል ሊሳለም ጠጋ ሲል በእጃቸው ከለከሉት። ከዚያ በጎማ ጫማቸው፣ እንደ ተጫሙ፣ እያኘኩ፣ ሰዉ ከሚቀዳው ውሃ መካከል ገቡ። ጠበል ውስጥ በልቶ፣ ጫማ አድርጎ የሚገባ ክርስቲያን የለም። ቄስማ እንዴት ተብሎ። እዚያው ቆመው ጫማቸውን እርስ በርሱ እያሹ ጭቃውን አጠቡ። ከዚያ ወጡና ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

የበየዳዋ አሮጊት ጠርሙሳቸውን ገልብጠው ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሱት፣ በቅሏቸው ላይ ወጡና ሄዱ። ሌላውም ተከተለ። ረፋዱ ላይ መንገዱ ባዶ ነበር። አሸንዳው ዳነ፤ ጽዶቹም ዳኑ።

የአባቴን ነገር ግን ምን ልበላችሁ። ግማሹ ሰው ነገሩ ገባው። ግማሹ ደግሞ ጠበል አርክሰዋል አለ። የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቄስ ሄዱ። በመንገድ ሲያልፉ መስቀል ይሳለሙ የነበሩት ሰዎች ዓይናቸውን ወደ አጥር ያዞራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠመቁት፣ ያጋቡት፣ የፈቱት ሰው ነው። አንድ ቀን እንጀራ ይዤላቸው ሄጄ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከዚያ በፊት ያ ቤት ሰው ተለይቶት አያውቅም ነበር።

«አባ፣ ይህ ሁሉ ለእንጨት ነው?» አልኋቸው። ሆድ ብሶኝ ነበር።

«ከጽዶቹ ሥር ማን እንዳለ ታውቂ የለም?» አሉኝ።

ለባሌ ነገርሁት። ከእጁ ላይ ያለውን ቆርቆሮ አስቀመጠ። እጁ ሥራ ሲፈታ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። አዝኜለትም፣ ተናድጄበትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በኋላ ጦርነቱ እየቀረበ መጣ። ናፍጣ ሁሉ ለሠራዊቱ ሆነና ወፍጮው ቆመ። ሴቱ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሰ። በርሜሉ ቀዘቀዘ፤ ባሌ ያን ያህል የደከመበት አሸንዳ የአይጥ መንገድ ሆነ። የባናው ትእዛዝ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ሊቀመንበሩ ሁለት ሰዎች ምሳር አስይዞ ጽዶቹ ሥር አቆማቸው። ከዚያ ወደ እኛ መጣ።

ባሌ፣ «ባናው ያለ እንጨት ከደረሰልህ ጽዱ ምን ያደርግልሃል?» አለው።

«በምን ሙቅ ውሃ?»

ባሌ እግሬን አየት አደረገና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ሊጠይቀኝ አልደፈረም። ያሰበውን አወቅሁ፤ አብሮ መኖር እንዲህ ነው።

«በቀዝቃዛም ይረገጣል። ጊዜ ነው የሚፈጀው» አልሁ። ማን እንዳስባለኝ እንጃ። ለጽዱ ብዬ አልነበረም። ለባሌ ብልሃትም አልነበረም። የአባቴን ባዶ ቤት ስላየሁ ነው።

ሊቀመንበሩ ትከሻውን ሰበቀ። «እስከ ወሩ መጨረሻ» አለ። ምሳረኞቹን ግን ከዚያ አላነሣቸውም።

ኅዳር ነበር። የደባርቅን ውርጭ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳውም። ጠዋት ገንዳው ላይ የረጋውን በረዶ በዱላ ሰብረን ነው የምንገባው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይቆረጥማል፣ ከዚያ እግር መኖሩ ይረሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጉሩን ቶሎ አያያይዘውም፤ በሙቁ እስከ እኩለ ቀን የሚያልቀው ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሴቶቹ የሚችሉትን ያህል ቻሉ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ቀረች። ሌላዋ እግሯ አበጠ፣ ቀረች። ምን እላቸዋለሁ? የራሴም እግር የእኔ አልመስል ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ የቀረነው ጥቂት ሆንን፤ ለአንድ ገንዳ የማንበቃ። ባሌ ራሱ ገባ፣ ሰው እየሳቀበት። አሁንም አልሞላም።

አባቴ ያን ጠዋት መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ገና ምንም አልቀመሱም ነበር። ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። የሚያደርጉት እስኪገባኝ ድረስ ዝም ብዬ አየኋቸው። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን አነሡ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አላቸው፣ ባሌ ደግፎ አስገባቸው።

«አባ፣ ይውጡ። ይህ ለእርስዎ አይሆንም» አልኋቸው።

«ዝም ብለሽ ርገጭ» አሉኝ።

ትከሻዬን ያዙ። እጃቸው ቀላል ነበር። እንደ ሌሎቹ መርገጥ አልቻሉም፤ እግራቸውን እያፈራረቁ ብቻ ያነሡና ያኖራሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግን ድምፅ አይሰማም። ወሬው ወጣ። ከቀሩት ሴቶች ሁለቱ ተመለሱ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆናት አንዱ መጣ። አባቴ በማግሥቱም መጡ፣ ከዚያም ወዲያ፣ ባናው እስኪያልቅ ድረስ። ለምነናቸው እምቢ አሉ። ሊቀመንበሩ መኪና መጥቶ ባናውን ሲጭን ምሳረኞቹን አነሣ። ባሌን እንኳ አላመሰገነም። ጽዶቹ እዚያው ቆሙ። ዛሬም አሉ፤ መጥቶ የሚያይ ያያል።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሳል ያዛቸው። ከአልጋ አልተነሡም። ጥምቀት ሳይደርስ ሞቱ፤ ከልጆቻቸው አጠገብ፣ ከጽዶቹ ሥር ቀበርናቸው። ብዙ ሰው አልመጣም። የመጣውም እርስ በርሱ አይተያይም ነበር። ባሌ መቃብሩን ራሱ ቆፈረ፤ ሌላ ሰው አላስነካም።

ከቀብር ስመለስ ቤቴ ደጃፍ ላይ አንዲት በቅሎ ታስራ አገኘሁ። የበየዳዋ አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የታጠፉ ጣቶቻቸው መካከል ያንኑ ጠርሙስ ይዘዋል። ለለቅሶ የመጡ መስሎኝ «ይግቡ» አልኋቸው። አልገቡም።

«ልጄ፣ አባትሽ በባዶ እግራቸው የገቡበት ውሃ አለ አሉ» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ ቀዝቃዛ ነው። የወንዝ ውሃ ነው» አልኋቸው።

«ይሁን» አሉ።

ስለ ሞተሩ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ጎማ ጫማው፣ ስለ ቆሎው ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። አባቴ ያን ሁሉ ውርደት የተሸከሙት ሰው ይህን እንዲያምን ነበር። ግን ጠርሙሱን ተቀብያቸው ወደ ገንዳው ሄድሁ፣ የረጋውን በረዶ በእጄ ሰበርሁ፣ ቀዳሁላቸው።